ናይትሮ ትራክ ከመነሻው እንዲጎትት፦ ከመርፌ እስከ ፍሪሲዮን

ናይትሮ ትራክ በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ያላት፣ በሬዲዮ የምትነዳ ሞዴል መኪና ናት። የመቆጣጠሪያውን ምላጭ ትስባላችሁ፤ መኪናዋ ለቅጽበት ታመነታለች፣ ትንተባተባለች፣ ከዚያ ድንገት ነቅታ ትፈተለካለች። ሜዳ ላይ ይህ ያን ያህል አያስቆጭም። ዳገት፣ ረጅም ሣር ወይም ልቅ አሸዋ ላይ ግን ገና ሳትነሳ ትጠፋለች። ከላይ ፍጥነት አላት፣ ከታች ጉልበት የላትም ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ትልቅ ሞተር ወይም የናይትሮ መጠኑ ከፍ ያለ ነዳጅ መግዛት ያስባል። እኔ ሁለቱንም የማስቀምጣቸው በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ጤነኛ ሞተር ከታች ጉልበት ሲያጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አያልፍም፤ የታችኛው መርፌ፣ ፍሪሲዮኑ ወይም የማርሽ ሬሾው። ሦስቱም በትንሽ ወጪ ይስተካከላሉ። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ማርሹን ከመርፌው በፊት የነካ ሰው ሁለቱንም እንደገና መሥራቱ አይቀርም።

ስለ ስያሜ አንድ ነገር እንስማማ። መርፌ የምለው በካርቡሬተሩ ላይ ነዳጁን የሚመጥነውን ብሎን ነው። «የላይኛው መርፌ» ስል ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የሚወስደውን ነዳጅ የሚወስነውን ነው። «የታችኛው መርፌ» ደግሞ ከሚኒሞ (ምላጩ ሳይነካ ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ተነስቶ እስከ ግማሽ ጋዝ አካባቢ ያለውን የሚመጥነው ነው። የላይኛውና የታችኛው ያልኩት ለዙር እንጂ ለአቀማመጥ አይደለም። በአብዛኞቹ ካርቡሬተሮች የላይኛው መርፌ የነዳጅ ቱቦው በሚገባበት ቦታ ቆሞ ይታያል፤ የታችኛው በተንሸራታቹ (የካርቡሬተሩን አፍ በሚከፍተውና በሚዘጋው ክፍል) ጫፍ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ብሎን ነው። ሁለቱም በሰዓት አቅጣጫ ሲዞሩ ነዳጅ ይቀንሳሉ፣ በተቃራኒው ሲዞሩ ይጨምራሉ። ሦስተኛው፣ የሚኒሞ ብሎን፣ ነዳጅ አይመጥንም። ሥራው ምላጩ ሲለቀቅ ካርቡሬተሩ ምን ያህል ክፍት ሆኖ እንደሚቀር መወሰን ብቻ ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ጠባብ አፍ ያለው ካቻቢቴ፣ በኢንፍራሬድ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ ማሞቂያ፣ ማስታወሻ ደብተር። ነዳጁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጡ ያለው ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፤ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን ስለማይታይ እጃችሁ እስኪቃጠል መያያዙን ላታውቁ ትችላላችሁ። የምትሠሩት ክፍት ቦታ ላይ፣ ጓንት አድርጋችሁ ይሁን። ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ ሙሉ ጋዝ አትስጡ። ሸክም የሌለበት ሞተር ከሚችለው ዙር በላይ ወጥቶ የፒስተን ዘንጉን ሊሰብር ይችላል።

ደረጃ 1፦ መርፌ ከመንካታችሁ በፊት

መርፌ የሚያስተካክለው የነዳጅና የአየር ምጥን ነው። ሌላ ቦታ ያለ ብልሽትን በመርፌ ማከም ጊዜ ከማባከን አያልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመሳሰሉትን ችግሮች እናስወግድ።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያሳብደው የአየር ማስገባት ነው። በካርቡሬተሩ አንገት፣ በሞተሩ የኋላ ክዳን ወይም በተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ በኩል ያልተጠራ አየር ሲገባ ሞተሩ አሁን ያስተካከላችሁትን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል። ሚኒሞው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ምላጩ ቢለቀቅም ዙሩ ተሰቅሎ ይቀራል። ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡሬተሩ አንገት ዙሪያ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ዙሩ ከተለወጠ ዘይቱን እየሳበው ነው። የበለጠ እርግጠኛ ለመሆን ሞተሩን አውጥታችሁ የጭስ መውጫውንና የካርቡሬተሩን አፍ ድፈኑ፣ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ በነዳጅ ማስገቢያው በኩል በቱቦ ንፉበት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ነው የሚያስገባው። ጋርኒሲዮኑን ወይም የጎማ ቀለበቱን መቀየር፣ ካልሆነም ሙቀት የሚችል ሲሊኮን በስሱ መቀባት ይበቃል። ውሃ የገባበትን ሞተር ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ስጡት።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱት። በማሞቂያው ስታበሩት ሽቦው ከዳር እስከ ዳር እኩል ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ መብራት አለበት። ግማሹ ብቻ የሚበራ ወይም የተጨማደደ ከሆነ ጣሉት። በናይትሮ ሞተር ውስጥ ብልጭታ የለም፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሽቦውን አግሎ የሚያቆየው የፕላቲነሙና የሜታኖሉ ግንኙነት ነው። የደከመ ሽቦ በከፍተኛ ዙር ሙቀቱ ስለሚረዳው ይሠራል፣ በዝቅተኛ ዙር ግን ይከዳል። ውጤቱ ነዳጅ ከበዛበት ሞተር ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች ካንዴላ መቀየር ሲገባቸው መርፌ ያዞራሉ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቮላኖውን (ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ከባድ ክብ) በእጃችሁ አዙሩ። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ ሊይዛችሁ ይገባል። የነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ሲቀዘቅዝ ያጣብቃል፣ ሲሞቅ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ልክ ይሆናል። ያለ ምንም ተቃውሞ እንደ ልቡ የሚዞር ከሆነ ኮምፕሬሽኑ አልቋል፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ አያድነውም።

የቀረውን በፍጥነት እለፉት፦ የአየር ፊልትሮው ንጹሕና በዘይት የራሰ ይሁን፤ የነዳጅ ፊልትሮው አይደፈን፤ የታንኩ ክዳን ይግጠም፤ ከማርሚታው ወደ ታንኩ የሚሄደው የግፊት ቱቦ አይቀደድ። መኪናዋን መሬት ላይ ግፏት። ፍሬኑ የሚይዛት ወይም ኩሽኔታዋ የሚንቋቋ ከሆነ ሞተሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ መነሻውን ማስያዝና ማሞቅ

ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ ተመልከቱ። መቆጣጠሪያው በርቶ ምላጩ ሳይነካ ተንሸራታቹ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ብቻ መተው አለበት። አሁን ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳቡ፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ብዙ «ጉልበት የላትም» የሚባሉ መኪኖች ሰርቮው (ካርቡሬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ሦስት አራተኛውን ብቻ የሚከፍትላቸው ናቸው።

መርፌዎቹን አምራቹ በመመሪያው ወደ ጻፈው መነሻ መልሱ። መርፌ ስትዘጉ እስኪነካ ድረስ ብቻ በቀስታ ነው፤ ማጥበቅ ጫፉንም መቀመጫውንም ያበላሻል። የአሁኑ ስንት ዙር ላይ እንደነበረ ከመንካታችሁ በፊት ጻፉ። ፊልትሮውን መልሳችሁ ሞተሩን አስነሱና ለጥቂት ደቂቃዎች በእርጋታ ንዱት። ሲሊንደሩ የታሰበለትን ልክ የሚይዘው በሙቀት ስለሆነ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተሠራ ቅንብር ሲሞቅ ይፈርሳል። መለኪያውን ከላይ ወደ ካንዴላው አነጣጥሩ፤ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይጠጋ አንድም መርፌ አትንኩ። አዲስ ሞተር ከሆነ መጀመሪያ ማለማመዱን ጨርሱ።

ደረጃ 3፦ የላይኛው መርፌ

የምንፈልገው የታች ጉልበት ሆኖ ሳለ ለምን ከላይ እንጀምራለን? በአብዛኛው ካርቡሬተር ነዳጁ ወደ ሞተሩ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልፈው በላይኛው መርፌ ነው፤ የታችኛው የሚመጥነው ከዚያ የተረፈውን ነው። የታችኛውን አሳምራችሁ ጨርሳችሁ የላይኛውን ብታዞሩት የታችኛው ሥራችሁ አብሮ ይበላሻል።

ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሷት። ከኋላዋ ስስ የጭስ መስመር መታየት፣ ድምፁም ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። ድምፁ የሚንቦጫረቅና ጭሱ የበዛ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ መርፌውን በሰዓት አቅጣጫ የዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ አዙራችሁ እንደገና ንዱ። ጭስ ከሌለ ወይም በመንገዱ መጨረሻ ላይ ኃይሉ የሚቀንስ ከሆነ አንሶታል፤ ወዲያው መልሱለት።

ለአብዛኛው ሞተር ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ያለው ሙቀት ምቹ ነው። 130ን ካለፈ ቆም በሉ። መለኪያ የሌለው ሰው ሞተሩ ጭንቅላት ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ይጣል፤ በሦስት አራት ሰከንድ ተንጫጭታ ካለቀች ደህና ነው፣ እንደነካች ብን ካለች እጅግ ሞቋል። ያም ሆኖ ሙቀትን እንደ ግብ አትያዙት። አየሩ፣ የመኪናዋ ቅርፊት፣ የካንዴላው ዓይነት ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል። ጭሱና ድምፁ ይቅደሙ፣ መለኪያው ይመስክር።

ከፍተኛውን ፍጥነት የሚሰጠውን ነጥብ ስታገኙ እዚያ አትቆዩ። አንድ ስምንተኛ ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ወደሚጨምርበት መልሱት። ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ማጠር ማለት ዘይት ማጠር ነው።

ደረጃ 4፦ የታችኛው መርፌ

ጉልበቱ የተደበቀው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

መኪናዋ ስትነሳ መንተባተቧ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ነዳጅ የበዛበትም፣ ያነሰውም ሞተር ይንተባተባል፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። በግምት ያዞረ ሰው ግማሽ ጊዜውን ያባብሰዋል። ለመለየት ሦስት ፈተናዎች አሉ፤ ሦስቱንም ሥሩ።

የመጀመሪያው ቱቦውን መቆንጠጥ ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ሳለ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ፣ ከካርቡሬተሩ አጠገብ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙና አድምጡ። ልኩን የያዘ ሞተር መጀመሪያ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይቀጥላል። ከዚያ ዙሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ድምፁ ይሰላል፣ ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ባለው ጊዜም ይጠፋል። እንደቆነጠጣችሁት ቀጥ ካለ የሚያቃጥለው ትርፍ አልነበረውም፤ ነዳጅ አንሶታል። አምስት፣ ስድስት ሰከንድ እያለፈ ዙሩ በብዙ ከወጣ ደግሞ የተጠራቀመውን እያቃጠለ ነው፤ በዝቶበታል። ጣታችሁን ከቮላኖው አርቁ።

ሁለተኛው ማቆየት ነው። መኪናዋን በሚኒሞ ለ10 ሰከንድ ያህል አቁማችሁ ድንገት ሙሉ ጋዝ ስጡ። ወፍራም ጭስ እየተፋች፣ እየተንቦጫረቀች ቀስ ብላ ከተነሳች ሞተሩ ውስጥ ነዳጅ ተጠራቅሞ ነበር። ጭስ ሳታሳይ፣ ድምፁ ባዶ ሆኖ እንደ መቆረጥ ካለ ወይም ጭራሹን ከጠፋች አንሶታል። ለውጡን ይበልጥ ለማየት ደግሞ 2 ሰከንድ ብቻ አቁማችሁ ሞክሩ። ከአጭሩ ቆይታ በኋላ ደህና ተነስታ ከረጅሙ በኋላ የምትታፈን ከሆነ የመብዛት ምልክት መሆኑን አትጠራጠሩ።

ሦስተኛው አመላለሱ ነው። ከሙሉ ጋዝ ድንገት ስትለቁ ዙሩ ወዲያው ወርዶ ጸጥ ያለ ሚኒሞ መያዝ አለበት። ተሰቅሎ ቆይቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ካልሆነም በደረጃ 1 ያየነው የአየር ማስገባት አለ። ከሚኒሞ በታች ወርዶ የሚንቀጠቀጥና የሚጠፋ ከሆነ በዝቶበታል።

ሦስቱ ፈተናዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ የታችኛውን መርፌ የዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ አዙሩ፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ በሙሉ ጋዝ አስሮጣችሁ ውስጡ የተጠራቀመውን አስወጡ፤ ያለዚያ የምትሰሙት የቀድሞውን ቅንብር ነው። ከዚያ ፈተናዎቹን ድገሙ።

የታችኛው መርፌ ነዳጅ ሲቀንስ ሚኒሞው በራሱ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዙሩ ከፍ ሲል ፍሪሲዮኑ ግማሽ በግማሽ ይይዛል፣ መኪናዋ ቆማም ወደፊት ትገፋለች፤ ምላጩን ሲነኩት «ፈጣን» ሆና ትሰማለች። ጉልበት ግን አልጨመረችም፤ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለች ነው። መርፌውን በነካችሁ ቁጥር የሚኒሞ ብሎኑን ወደ ቦታው መልሱ፤ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ መኪናዋ ያለ ፍሬን ዝም ብላ እስክትቆም ድረስ ዝቅ አድርጉት። ሚኒሞውን ወደ ትክክለኛው ስታወርዱት ሞተሩ ከጠፋ መፍትሔው መልሶ ከፍ ማድረግ አይደለም፤ የታችኛው መርፌ ገና አላለቀም ማለት ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ ጥቂት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

የት ላይ እንቁም? ከታች በጣም ጥርት ብሎ ከሚሠራበት ነጥብ ትንሽ ወደ መብዛቱ ያደላውን ምረጡ። ስትነሳ ከኋላ ስስ ጭስ ታሳይ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ ይውጣ። ለመጨረሻ ማረጋገጫ በሚኒሞ ላይ አንድ ደቂቃ ተዉትና ሙቀቱን ለኩ። ሲሮጥ ከነበረበት ቀስ እያለ መውረድ አለበት፤ ቆሞ እያለ የሚጨምር ከሆነ የታችኛው መርፌ አሁንም ነዳጅ እያሳጣው ነው።

ሲያልቅ የላይኛውን አንዴ ብቻ ፈትሹት። ሦስተኛ፣ የመካከለኛ ዙር መርፌ ያላቸው ካርቡሬተሮችም አሉ፤ እሱን ፋብሪካው ባስቀመጠበት ተዉት።

ደረጃ 5፦ ፍሪሲዮን

መርፌዎቹ ተስተካክለው፣ ሞተሩ ለብቻው ምላጩን ቶሎ እየተከተለ መኪናዋ አሁንም ካልተነሳች ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጫማዎቹ በሞላ ተይዘው ከቮላኖው ጋር ይዞራሉ፣ ዙሩ ሲጨምር ወደ ውጭ ተገፍተው ደወሉን፣ ማለትም የከበባቸውን ትንሽ ማርሽ ያለበት ጎድጓዳ ክፍል፣ ይይዛሉ። በየትኛው ዙር እንደሚይዙ የሚወስነው በዋናነት የሞላው ጥንካሬ ነው።

ናይትሮ ሞተር ከ30,000 ዙር በደቂቃ በላይ የሚደርስ ትንሽ ሁለት ምት ነው። ከ3.5 ሲሲ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ብዙ ጉልበት አትጠብቁ፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከፍ ሲል ነው። ሞላው ከላላ ጫማዎቹ ሞተሩ ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ደወሉን ይይዙታል፣ 4 ወይም 5 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይጭኑበታል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ስሜቱ ነዳጅ ከበዛበት መርፌ ጋር አንድ ነው፤ ለዚህም ነው ደረጃ 4ን ሳይጨርሱ እዚህ መምጣት የማይገባው። ጠንከር ያለ ሞላ መያዣውን ወደ ላይ ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲይዝ መኪናዋ ትመነጠቃለች። በተለምዶ ሞላዎቹ በሽቦ ውፍረት ይሸጣሉ፤ 0.9፣ 1.0፣ 1.1 ሚሊ ሜትር። አንድ እርከን ብቻ ውጡ። ከልክ ያለፈ ጠንካራ ሞላ ሞተሩን ያስጮኸዋል እንጂ መኪናዋን አያስነሳም፤ ፍሪሲዮኑንም በሙቀት ይጨርሰዋል።

ደወሉን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ በሙቀት ተመትቷል፣ ማለትም ሲንሸራተት ነበር። የጫማዎቹ ፊት እንደ መስታወት አብለጭልጮ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፣ ዘይት ከነካቸው በአልኮል ጥረጓቸው። ያረጁትን ስትቀይሩ ሁሉንም በአንዴ፣ ከነሞላቸው ቀይሩ። የአልሙኒየም ጫማ አጥብቆ ይይዛል፣ የፕላስቲክ ውሁዱ ለስለስ ብሎ ይይዛል። ባለ ሦስት ጫማ ፍሪሲዮን ላይ ሁለት አልሙኒየምና አንድ ውሁድ ማቀላቀል የተለመደ ማስታረቂያ ነው። የደወሉን ኩሽኔታም አትርሱ፤ ሲሰበር መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ቆማ የምትገፋ መኪና ነው።

ደረጃ 6፦ ማርሽና ጎማ

በማርሽ ጉልበት ስትጨምሩ ከላይ ፍጥነት ትከፍላላችሁ። ስሌቱ አጭር ነው፦ የትልቁን ማርሽ ጥርስ ለደወሉ ጥርስ አካፍሉ። 46 ለ15 ሲካፈል 3.07 ነው። ደወሉን ወደ 13 ጥርስ ብትቀይሩት 3.54 ይሆናል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ 13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ትልቁን ማርሽ ከ46 ወደ 48 መቀየር ግን 4 በመቶ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ትልቅ ለውጥ ስትፈልጉ ደወሉን፣ ጥቂት ስትፈልጉ ትልቁን ማርሽ ንኩ። ማርሽ ስትቀይሩ በጥርሶቹ መካከል አንድ ስስ ወረቀት አስገብታችሁ ሞተሩን እሰሩ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡ፤ ትንሽ መላወስ መኖር አለበት።

ጎማም ማርሽ ነው፤ ይህን የሚረሱት ብዙ ናቸው። ቁመቱ 150 ሚሊ ሜትር የነበረውን ጎማ በ173 ሚሊ ሜትር ብትተኩት በ13 ጥርሱ ደወል ያገኛችሁትን 15 በመቶ መልሳችሁ አስረክባችኋል። ትላልቅ ጎማ ያለበሰ ሰው ስለ ጉልበት ማነስ ሲያማርር የመጀመሪያው ጥያቄዬ የጎማው ቁመት ነው።

ባለ ሁለት ፍጥነት ማርሽ ሳጥን ካላት ሁለተኛው በየትኛው ዙር እንደሚገባ አድምጡ። ቶሎ ከገባ ሞተሩ ከጉልበቱ ወርዶ ይታፈናል፤ ከመነሻው ትንሽ ሄዳ የምትደክመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የማስተካከያ ብሎኑን መመሪያው በሚለው አቅጣጫ የዙር አንድ ስምንተኛ እያደረጋችሁ አዘግዩት።

ደረጃ 7፦ ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ

እስከ አሁን ያለው ያረካው ሰው እዚህ ይቁም። ለቀረው፣ ወጪውን ከሚያስገኘው ጋር አነጻጽሬ በምመርጠው ቅደም ተከተል እነሆ።

አንዳንድ ካርቡሬተሮች አፋቸው ውስጥ የሚገባ ማጥበቢያ ቀለበት አላቸው። ጠባብ ቀዳዳ የአየሩን ፍጥነት ስለሚጨምር ነዳጁ ይበልጥ ይበተናል፣ የታች ምላሹም ይሰላል፤ ከላይ ጥቂት ዙር ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ለትራክ ጥሩ ንግድ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ መርፌዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ማርሚታ ሁለተኛው ነው። የተቃኘ ማርሚታ ከጭሱ ጋር የወጣውን የግፊት ሞገድ ጠባቡ ጫፍ ላይ አንጸባርቆ ይመልሳል፤ የተመለሰው ሞገድ ሾልኮ ሊወጣ ያለውን ያልተቃጠለ ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። መንገዱ ሲረዝም ሞገዱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዘግይቶ መድረሱም የሚስማማው ለዝቅተኛ ዙር ነው። ስለዚህ ለታች ጉልበት ረዘም ያለ ማገናኛ ቱቦ ያለውን ፈልጉ። ሲያብረቀርቅ አይታችሁ አትግዙ፤ ብዙዎቹ የሚያምሩት ለላይኛው ዙር የተሠሩ ናቸው።

ካንዴላ በሙቀት ደረጃው ይለያያል። ሞቃቱ ዓይነት ሚኒሞውንና የታቹን ዙር ያረጋጋል፤ ቀዝቃዛው ለሞቃት አየር፣ ለትልቅ ሞተርና ናይትሮው ለበዛ ነዳጅ ይሻላል። ከአምራቹ ምክር አንድ ደረጃ ብቻ ተንቀሳቀሱ።

ከቴስታታው (ከሞተሩ ጭንቅላት) ሥር ያሉትን ስስ ማስቀመጫ ቀለበቶች መቀነስ ኮምፕሬሽንን ከፍ አድርጎ የታች ጉልበት ይጨምራል። የ0.1 ሚሊ ሜትር ለውጥ ይሰማል። ከልክ ካለፈ ግን ቅልቅሉ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ዘይት ላይ የሚጠበስ ነገር የመሰለ ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የካንዴላው ሽቦም ተጨማድዶ ይወጣል። ያኔ ቀለበቱን ወዲያው መልሱ። ነዳጁ ናይትሮ 30 በመቶ ከሆነ መጀመሪያውኑ አትንኩት።

ስለ ናይትሮ መጠን ካነሳን፦ ናይትሮሜቴን በውስጡ ኦክስጅን ስላለው 1 ኪሎው ለመቃጠል 1.7 ኪሎ ያህል አየር ብቻ ይፈልጋል፤ ሜታኖል ደግሞ 6.5 ኪሎ ገደማ። በዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል ጉልበት ይጨምራል፣ ሚኒሞውም ይረጋጋል። የዚያው ያህል ግን መርፌዎቹ መከፈት አለባቸው። ከ20 ወደ 30 በመቶ ቀይሮ በድሮው ቅንብር የነዳ ሰው ሞተሩን ነዳጅ አሳጥቶ እየነዳ ነው።

አየሩ ሲለወጥ

ቅንብሩ የሚሠራው ለተሠራበት አየር ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ጥቅጥቅ ስለሚል ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ያነሰ ይፈልጋል። ከፍታም እንዲሁ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ እፍጋት በ10 በመቶ ያህል ይወርዳል። ቆላ ላይ የተስተካከለች መኪና ደጋ ስትወጣ ነዳጅ ይበዛባታል፣ ጉልበቷም ከአየሩ ጋር ይቀንሳል። ይህን ጉድለት በመርፌ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም፤ ባነሰ ጥርስ ደወል ማካካስ ይሻላል። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ከመንዳታችሁ በፊት ሁለቱንም መርፌዎች ክፈት አድርጉ፤ በዚህ አቅጣጫ የሚመጣው ስህተት ሞተር ይገድላል።

በእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ የሁለቱን መርፌ ቦታ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የሞተሩን ሙቀትና የደወሉን ጥርስ በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ታንኩን ባዶ አድርጉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ በቱቦው ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ተዉት። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ኩሽኔታዎቹን ያዝጋል፤ ስለዚህ ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳውና በካርቡሬተሩ አፍ ጥቂት ጠብታ የማከማቻ ዘይት ጨምሩ፣ ቮላኖውን በእጅ ጥቂት ዙር አዙሩና ካንዴላውን መልሱ። ፒስተኑን የታችኛው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ላይኛው ጥበት ውስጥ እንዳለ ከቀዘቀዘ ተጣብቆ ይቀርና በሚቀጥለው ጊዜ ማስነሻው ገመድ ይበጠሳል።